የአማተር ሬዲዮ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት? ላፕቶፕ ልቀይር ነው

ሞገድ_ፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የላፕቶፔ ማጠፊያ ተሰብሮ ስክሪኑ በፕላስተር ነው የቆመው። በዚህ ሳምንት ወደ ሌላ ላፕቶፕ እዛወራለሁ። አዲሱ ላይ ዊንዶውስም ኡቡንቱም ተጭነዋል፤ ሬዲዮውን በኡቡንቱ መሥራት ነው የምፈልገው።

የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ጥገና ቤት ኮምፒውተሬን ፎርማት አደረገው። ልጁ «አታስብ፣ ዶክመንትህን ባክአፕ ይዣለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዶክመንት ፎልደሬ አንድም ሳይጎድል ተመለሰልኝ። የስምንት ወር ሎጌ፣ ማለትም በሬዲዮ የተገናኘኋቸው ጣቢያዎች መዝገብ፣ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ ከማንም ጋር ማውራት አልቻልኩም። እያንዳንዷን ግንኙነት ከእንቅልፌ ቆርሼ ነው ያገኘኋት።

ሬዲዮው አይሲ-7300 ነው። ፕሮግራሞቹ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ እና ኤፍኤልዲጂ (ሁለቱም በሬዲዮ ዲጂታል መልእክት ለመላላክ)፣ እንዲሁም ቲኪውኤስኤል (ሎግ ፈርሞ ለመላክ) ናቸው። የትኛውን ፋይል ከየት ላንሳ?

አሮጌ_ዳይፖል፦

ወንድሜ፣ ስምንት ወር! እኔንም አንገበገበኝ። በመጀመሪያ አሮጌውን ላፕቶፕ ለማንም እንዳትሰጥ። አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር ሠርቶ እስክታይ ድረስ ቤት ይቀመጥ።

ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ዊንዶውስ ላይ ንብረቱን አንድ ቦታ ነው የሚያኖረው። በዩዘር ስምህ ስር አፕዴታ፣ እዚያ ውስጥ ሎካል፣ እዚያ ውስጥ በራሱ ስም የተሰየመ ፎልደር አለ። አፕዴታ የተደበቀ ፎልደር ነው፤ ጥገና ቤቱም ያላየው ለዚህ ነው። አንተ መፈለግ አያስፈልግህም። ፕሮግራሙን ክፈትና ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ግባ፣ የሎግ ፎልደሩን የሚከፍት መስመር ታገኛለህ።

እዚያ ሁለት ፋይል ያዝ። መጨረሻው አይኤንአይ የሆነው ሴቲንግህ ነው። ኮልሳይንህ (የጣቢያህ መለያ ስም)፣ ኬጄ99 የሚለው ሎኬተርህ (የቦታህ ኮድ)፣ የፍሪኩዌንሲ ዝርዝርህ፣ ቀለሞችህ ሁሉ እሱ ውስጥ ናቸው። መጨረሻው ኤዲአይ የሆነው ደግሞ ሎግህ ነው። ሁለቱም ተራ ጽሑፍ ናቸው፣ ኖትፓድ ይከፍታቸዋል።

ኡቡንቱ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። አይኤንአዩ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው ኮንፊግ ውስጥ ይገባል። ሎጉ ደግሞ በነጥብ በሚጀምረው ሎካል፣ ከዚያ ሼር፣ ከዚያ በፕሮግራሙ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ስማቸው በነጥብ ስለሚጀምር አይታዩም፤ ኮንትሮልና ኤች ስትጫን ብቅ ይላሉ።

አሁን የምነግርህን አደራ ልብ በል። ፋይሉን ስትገለብጥ ፕሮግራሙ ዝግ ይሁን። ክፍት ከሆነ ሲዘጋ የራሱን ሴቲንግ ይጽፍና ያመጣኸውን ያጠፋብሃል። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ሦስቴ ገልብጬ ሦስቴም ባዶ የሆነብኝ በዚህ ነው።

ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ የማይሻገሩ ነገሮችም አሉ። የድምፅ ካርዱ ስም ይቀየራል። ሬዲዮው የሚገናኝበት ኮም 3 የሚባለው ፖርት እዚያ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 ነው የሚባለው። የድምፅ ፋይል ማስቀመጫውም የዊንዶውስ አድራሻ ይዞ ይመጣል። ሦስቱንም ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እንደገና ምረጣቸው። ፖርቱ አልከፈት ካለህ ዩዘርህን ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገባና ወጥተህ ተመልሰህ ግባ።

ኤፍኤልዲጂ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ በዩዘርህ ስር ኤፍኤልዲጂ ነጥብ ፋይልስ የሚል ፎልደር አለው፣ ማክሮህም (አስቀድመህ ያዘጋጀሃቸው መልእክቶች) ሎግህም እዚያ ነው።

እህት_ጣቢያ፦

ቲኪውኤስኤልን ዝም ብለህ ፎልደር እየገለበጥክ አታንቀሳቅሰው። ፕሮግራሙ ራሱ ፋይል ሜኑ ውስጥ ባክአፕ የሚያወጣ መስመር አለው። መጨረሻው ቲቢኬ የሆነ አንድ ፋይል ይሰጥሃል፤ አዲሱ ላይ በዚያው ሜኑ ትመልሰዋለህ። ሎግህን የምትፈርምበት ሰርተፊኬት ሚስጥራዊ ቁልፍ ያለው አንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከጠፋ አዲስ ሰርተፊኬት መጠየቅ ይኖርብሃል።

የሬዲዮውን ሴቲንግም አትርሳ። 7300 ኤስዲ ካርድ ላይ ያስቀምጣል፣ ከራሱ ሜኑ ሴቭ ማድረግ ትችላለህ።

ደግሞ ያ የጠፋው ሎግ፦ ከመጥፋቱ በፊት ሎትደብሊው (ግንኙነት የሚያረጋግጠው ድረ ገጽ) ላይ የጫንከው ነበር? ከነበረ እዚያ አለ፣ በኤዲአይ መልክ ይወርዳል።

ቀጥታ_ሰዓት፦

ሁለት ሲስተም ጎን ለጎን ከጫንክ ሰዓትህን ተጠንቀቅ። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነባል፣ ኡቡንቱ እንደ ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት)። እኛ ጋ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ካለ ራሱን ያስተካክላል፣ ከሌለ እንደተዛባ ይቀራል።

ችግሩ ኤፍቲ8 (በደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ የምንላላክበት ዘዴ) ይህን አይነግርህም። የሚሠራው በ15 ሰከንድ ዙር ስለሆነ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ቢዛነፍም ዙሩ ይገጥማል፤ ጣቢያዎች ይሰማሉ፣ ይመልሱልሃል። ሎጉ ላይ ግን የተሳሳተ ሰዓት ይጻፋል። ሎትደብሊው ደግሞ የአንተና የተገናኘኸው ጣቢያ ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ግንኙነቱን አያረጋግጥላችሁም። በእኛ ማታ 3 ሰዓት ስትቀመጥ ፕሮግራሙ 18:00 ማለት አለበት። ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን እይ።

ሞገድ_ፒያሳ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ጨረስኩ።

አሮጌ ዳይፖል እንዳልከው ፕሮግራሙን ዘግቼ ገለበጥኩ። ስከፍተው ኮልሳይኔም ሎኬተሬም ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዋተርፎሉ (ሲግናል የሚታይበት መስኮት) ግን ጥቁር ነበር። ድምፁን እንደገና ስመርጥ በራ። ፖርቱ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ዳያልአውት ነው የፈታው። ሰዓቱንም አየሁ፣ 18:00 ይላል።

እህት ጣቢያ፣ አንቺ ያልሽውን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ከስምንቱ ወር የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሎትደብሊው ላይ ጭኜ እንደነበር ረስቼዋለሁ። አውርጄ ከአዲሱ ሎግ ሥር ለጠፍኳቸው። ከዚያ 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ጆሮዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ዙር የአንድ ጃፓናዊ ኮልሳይን መጣ፤ ቀለሙ ከዚህ በፊት የተገናኘሁት መሆኑን ያሳያል። ሎጉ ውስጥ ፈለግኩት። ካወረድኳቸው ከሦስቱ ወሮች ነበር።