የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ሽልማት ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ጥያቄ አቅራቢ (የመንግሥት መሥሪያ ቤት)፦ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ እንደተለመደው አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ አንድ ሰው ይጠራል፣ ሠርተፍኬት ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል። ዘንድሮ ግን ሠራተኛው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሽልማቱ ቀርቶ ገንዘቡን እኩል እንካፈል ባይ ነው። ግማሹ ደግሞ የለፋና ያልለፋ እንዴት እኩል ይታያል ይላል። እኔ ኮሚቴው ውስጥ ነኝ፣ አቋሜ የአንድ ሰው ሽልማት ይቅር ነው። ለምን ብትሉ ምርጫው ተራ ሆኗል። አምና ከፋይናንስ ከተመረጠ ዘንድሮ ከግዥ ይሁን እንባባላለን፣ ማንም እንዳይከፋ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሁሉም አንድ ነው፣ «ላሳዩት የላቀ የሥራ አፈጻጸም»። ምን ሠርቶ እንደተሸለመ ተሸላሚው ራሱ አያውቅም። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ሰው ሀብት (የግል ድርጅት)፦ በፍጹም አልስማማም። ተራው ይቅር እንጂ ሽልማቱ ለምን ይቀራል? ሰው ልፋቱ እንዲታይለት ይፈልጋል። ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፒትስበርግ አካባቢ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን «ሥራችሁ በጣም ደስ ያላችሁ መቼ ነው፣ ያስጠላችሁስ መቼ ነው» ብሎ ጠይቆ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ላይ ከደስታው ወገን ጎልተው የወጡት ሥራው መሳካቱና እውቅና ማግኘቱ ናቸው። ደመወዝን የመደቡት ከቅሬታ ወገን ነው።

ነርስ፦ ወንድሜ፣ እነዚያ ሰዎች ደመወዛቸው ወር ያደርሳቸው ነበር። በኮቪድ ጊዜ ለእኛ ያልተባለ ምስጋና የለም፣ ጀግኖቻችን ተባልን፣ ተጨበጨበልን። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው ስለ ደመወዙ ሥራ እስከማቆም የደረሰው ጭብጨባው የቤት ኪራይ ስላልከፈለለት ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ያደርኩበት የዲዩቲ ክፍያ ወራት እየዘገየ ሠርተፍኬት ብትሰጡኝ ምን ላድርገው? አንደኛው እውቅና የሠራሁትን በጊዜው መክፈል ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቴለር፦ እናንተ ጋ ተራ ነው ችግሩ፣ እኛ ባንክ ጋ ቁጥር ነው። የሚሸለመው ብዙ ተቀማጭ ያመጣ ነው። ባለ ብዙ ገንዘብ አጎት ያለው ልጅ በአንድ ስልክ የዓመቱን ኮታ ይሞላል። ከእኔ አጠገብ የምትሠራ ልጅ ደግሞ አለች፣ የጡረታ ደመወዝ የሚወስዱ አዛውንቶች ሁሉ እሷን ነው የሚፈልጉት፣ ፊርማቸው ሲለያይ አትቆጣም፣ ቁጭ አድርጋ ታስፈርማቸዋለች፣ ሰልፉ ሲረዝም ምሳዋን ትተዋለች። ይሄ የትኛው ሪፖርት ላይ ይገባል? አንድም ቀን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። ቅርንጫፉን ያቆመችው እሷ ናት ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

የታሪክ መምህር፦ የቁጥሩ ነገር አዲስ አይደለም። በነሐሴ 1935 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ውስጥ፣ ዶንባስ በሚባለው የድንጋይ ከሰል አካባቢ፣ አሌክሲ ስታካኖቭ የሚባል ማዕድን ቆፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ድንጋይ ከሰል አወጣ ተባለ። የኮታው 14 እጥፍ መሆኑ ነው። አገሩ ሁሉ ስሙን ዘመረ፣ ሌላውም ሠራተኛ እንደሱ ካልሠራህ ተባለ። ግን እሱ ሲቆፍር ከኋላው ጣሪያው እንዳይደረመስ እንጨት የሚያቆሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ያን ሁሉ ከሰል ብቻውን እንዳወጣው ተደርጎ ተነገረ። በደርግ ጊዜ እኛም ፋብሪካ ውስጥ ኮከብ ሠራተኛ እያልን ስንሸልም ያው መንገድ ነው። ኮከብ የሚባለው ማሽኑ ላይ የቆመው ነው፣ ማሽኑን ሌሊት የጠገነው መካኒክ አይደለም። የአንድ ሰው ሽልማት ላይ የምጠላው ይሄንን ነው።

ሰው ሀብት፦ ጋሼ፣ እንደዚህ ከሄድን ማንም አይመሰገንም ማለት ነው። ሁሉም ተመሰገነ ማለት እኮ ማንም አልተመሰገነም ማለት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የሚለቅብን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቶ ከሰነፉ ጋር እኩል ጭማሪ ሲያገኝ ሲቪውን ይዞ ይወጣል።

የሆቴል ሱፐርቫይዘር፦ ሁለታችሁም ስለ ዓመት መዝጊያው ብቻ ታወራላችሁ። ዓመት ሙሉ ምንም ሳይባል ከርሞ ሐምሌ ላይ በማይክ የሚነገር ምስጋና ማን ያምነዋል? እንግዳ ሲያመሰግን የሚያመሰግነው ሪሴፕሽን ያለውን ልጅ ነው፣ ክፍሉን ያነጠፈችውን አያያትም። ጠዋት ጠዋት አጭር ስብሰባ አለን። እዚያ ላይ እንግዳው የጻፈውን ከነክፍሉ ቁጥር አነባለሁ፣ ያን ቀን ክፍሉን የሠራችውን በስሟ እጠራለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያፍሩ ነበር። አንዷማ «እባክህ ሰው ፊት አትጥራኝ፣ ዓይን ውስጥ ታስገባኛለህ» አለችኝ። ለሷ ለብቻዋ እነግራታለሁ። ይሄ መታወቅ አለበት፣ መድረክ የሚያስጨንቀው ሰው ብዙ ነው። ሽልማት በተቀበለ ማግስት «አስመርቀን እንጂ» እየተባለ ኪሱ የሚራቆትም አለ፣ «ማን አለው እዚያ» ተብሎ የሚታማም አለ።

ነርስ፦ አሁን የተናገርከው ልቤን ነካኝ። አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል የማሚቱ ጋሼን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ፣ በልጅነቷ ለሕክምና የመጣች፣ ያልተማረች የገጠር ልጅ ናት። መጀመሪያ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ሆስፒታሉን የመሠረቱት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሐምሊኖቹ፣ እጇን አይተው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት፣ ቀስ በቀስ ራሷ ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ሆነች፣ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ2018 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ከ100ዎቹ ሴቶች አንዷ አድርጎ መርጧታል። እኔ ግን ትልቁ እውቅና የቢቢሲው አይመስለኝም። ትልቁ «ትችያለሽ» ብሎ መሣሪያውን እጇ ላይ የሰጣት ሰው ነው። የእኛ አለቆች ጎበዝ ሲያዩ ሥራ ይጨምሩበታል እንጂ ሥልጣንም ሥልጠናም አይሰጡትም። እኔን እንደዚያ ያመነብኝ ሰው ቢኖር ሠርተፍኬቱ ይቅርብኝ ነበር። የዲዩቲዬን ክፍያ ግን አልተውም።

ጥያቄ አቅራቢ፦ እንግዲህ ለኮሚቴው ይዤ የምገባው ይሄ ነው። የአንድ ሰው ሽልማት ይቅር። ገንዘቡም እኩል ተከፋፍሎ አይለቅ፣ ለሥልጠና ይዋል። በየሩብ ዓመቱ እያንዳንዱ ክፍል ምን ከባድ ሥራ ተሠራ፣ እነማን ሠሩት የሚለውን በሁለት በሦስት መስመር ይጻፍ፣ ከጀርባ ያገዘው ስምም ይግባ። ወረቀቱ ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር ይያያዝ፣ ለዕድገት ሲወዳደርም ይታይለት።

ሰው ሀብት፦ ነጥብ ይያዝለት ካላችሁ ግማሽ መንገድ ተገናኝተናል። ነጥብ ከሌለው ግን ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ማን ያነበዋል? ያንን በመመሪያ አስገቡት።

ቴለር፦ ጸሐፊው ኃላፊው ብቻ ከሆነ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። የኔዋን ልጅ ሥራ አስኪያጁ አያያትም፣ ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። አጠገቧ ያለነው ነን የምናውቀው። ባልደረባም ይጻፍ።