ማስታወቂያው ላይ ያለችው ትንሽ መኪና ሾውሩም ውስጥ የለችም፤ ታዲያ ለማን ነው የምትሸጠው?

ዜሮ ዜሮ ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የምታመላልሰኝ፣ ነዳጅ የማትፈጅ፣ ለማቆም የማታስቸግር ትንሽ አዲስ መኪና ልገዛ ተነስቻለሁ። ያገለገለ ግዢ የምትሉኝ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ፤ ወንድሜ ያገለገለ ገዝቶ ከጋራዥ ጋር ዝምድና ሲፈጥር ስላየሁ አልፈልግም።

የመረጥኳት ባለ አምስት በር፣ 1.0 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል፣ ጌጣጌጥ የሌላት ናት። ማስታወቂያው ላይ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ እኔም በዚያ ሒሳብ ነው የቆጠብኩት። ሾውሩም ስሄድ ግን አንዱ «እሷ አልቃለች» አለኝ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ደግሞ «እሷ ገና አልገባችም» አለኝ። አልቃለች ወይስ አልገባችም? ቆማ ያየኋት አውቶማቲኳ፣ ባለ ትልቅ ስክሪኗና ባለ አልሙኒየም ቸርኬዋ ናት፤ ዋጋዋም ከማስታወቂያው በሩብ ያህል ይበልጣል። እሷን እያየሁ ሳለ ሻጩ «እዚህ ከደረሽማ ትንሽ ብትጨምሪ» ብሎ አጠገቧ ወዳለችው ከፍ ያለች መኪና ወሰደኝ። እዚያው ብቆይ ኖሮ ማታ ላይ ፒክአፕ ይሸጥልኝ ነበር መሰለኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ማስታወቂያው ውሸት ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? ቀብድ ክፈይና ተራ ያዢ እያሉኝም ነው። ልክፈል?

ባለ ካምቢዮው

እህቴ፣ ትንሽ መኪና ዘመኑ አልፏል፣ አትድከሚ። ፎርድ ፊየስታን ከ1976 ጀምሮ ሲሠራት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2023 አቆማት። ቮልስዋገን አፕም በዚያው ዓመት ቀረች። አሜሪካ ውስጥ ሆንዳ ፊት ከ2020 በኋላ የለችም፣ ሼቭሮሌ ስፓርክም በ2022 ተከተለቻት። የቀሩትም ስማቸው ነው ትንሽ። የዛሬዋን የቮልስዋገን ፖሎ ብትለኪያት ከ4 ሜትር ታልፋለች፤ ከፖሎ ከፍ የምትለው ጎልፍ እንኳ በ1974 መጀመሪያ ስትወጣ 3.7 ሜትር ገደማ ነበረች። ማንዋሉንማ ተይው፣ እኔም የምነዳት አሮጌዬ እንዳትሞትብኝ በጸሎት ነው።

ጡረተኛው ሻጭ

ሰላም እህቴ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ መኪና ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ አሁን የሚቆጣኝ አለቃ ስለሌለ በግልጽ ልንገርሽ።

ማስታወቂያው ውሸት አይደለም። ያቺ መኪና አለች፤ ፋብሪካው ይሠራታል፣ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የራሷ ኮድ አላት፣ ላዘዛት ሰው ትመጣለች። ሾውሩም ያለው ሰው ግን በራሱ ገንዘብ አዝዞ አያቆማትም። በራሱ ገንዘብ ማለቴም ለአፍ ያህል ነው፤ በየሾውሩሙ ቆሞ የሚታየው መኪና አብዛኛው የገባው በብድር ነው፤ በቆመ ቁጥር ወለድ ይቆጥራል። ባዶዋ ሞዴል ላይ ያለው ትርፍ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ወራት ከቆመች ወለዱ ትርፏን ጠራርጎ ይበላዋል። ባለ ስክሪኗ ግን ብትቆምም ትችለዋለች፤ ስክሪኑና ቸርኬው ፋብሪካውን የሚያስወጡት ወጪና አንቺ የምትጠየቂው ጭማሪ በፍጹም አይገናኙም። የሻጩም ኮሚሽን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከትርፉ ላይ ነው። ወደ ከፍተኛዋ ሲወስድሽ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ደመወዙ የተቀመጠው እዚያ ነው።

«አልቃለች» እና «አልገባችም» ያሉሽ ሁለቱም «ሳናዝዛት ቀረን» ማለታቸው ነው። እኛም እንደዚያ እንል ነበር።

አሁን ደግሞ ባለ ካምቢዮው ወደተናገረው ልምጣ። የዘረዘራቸው እውነት ናቸው፣ መደምደሚያው ግን ችኩል ነው። ትንሽ መኪና ገበያ የጠበበባት ወጪዋ ከቁመቷ ጋር ስለማያንስ ነው። ኤርባጉ፣ ኤቢኤሱ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የጭስ ማጣሪያው፣ የሠራተኛው ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ በትልቁም በትንሹም ላይ አሉ። ከትንሹ የሚቀነሰው ቆርቆሮና መስታወት ነው፤ እሱ ደግሞ ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲተያይ ብዙ አያወጣም። በዚህ ላይ ሕጉ ይጨመራል። የአውሮፓ ኅብረትን ብንወስድ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ በራሱ ፍሬን የሚይዝ፣ መስመር ሲስት የሚመልስ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሲያልፍ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ይህ ወጪ ውድ መኪና ላይ ሲጨመር አይታይም፤ ርካሿ ላይ ሲጨመር ግን ርካሽነቷን ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቺፕ እጥረት ሲመጣም ፋብሪካዎች ያገኙትን ቺፕ የሚሰጡት ለየትኛው እንደነበር ገምቺ። ብዙ ለሚያተርፈው።

ሕጉ ሲያግዛት ደግሞ ትኖራለች። ጃፓኖች «ኬ» የሚሏት መኪና ከ3.4 ሜትር እንዳትረዝም፣ ሞተሯም ከ660 ሲሲ እንዳይበልጥ ተወስኖላት በቀረጥ ስለምትጠቀም እስከ ዛሬ በገፍ ትሸጣለች። ሕንድም ከ4 ሜትር በታች ለሆኑ፣ ትንሽ ሞተር ላላቸው መኪኖች የሚከፈለውን የሽያጭ ቀረጥ በመስከረም 2025 ከ28 በመቶ ወደ 18 በመቶ አውርዳለች። ስለዚህ ትንሽ መኪና አልጠፋችም፤ ያለችው ቀረጡ ባዳላላት ቦታ ነው።

ስለ ቀብዱ ስትጠይቂ፣ «ተራ ያዢ» ለሚል ቃል ብቻ አትክፈይ። እንደዚያ ከሆነ ያለ ወለድ እያበደርሻቸው ነው። ቀብድ የሚከፈለው ከሁለት ለአንዱ ነው። ወይ መኪናዋ መጥታ ወይም መንገድ ላይ ሆና የሻንሲ ቁጥሯን ይሰጡሻል፣ ያኔ የምትከፍይው ለዚያች መኪና ነው። ወይ ደግሞ ለፋብሪካ የሚላከውን ትዕዛዝ ሞዴሉ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ቀለሙ ተጽፎበት ትፈርሚያለሽ፤ የመጨረሻው ዋጋና የርክክብ ጊዜም ይጻፍበታል፤ ቀኑ ካለፈ ቀብድሽ እንደሚመለስም ይጻፍበታል። ውሉ ላይ «ዋጋው በርክክብ ዕለት በሚኖረው መሠረት» የምትል ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ትንሽ ፊደል ላይ ነው የምትቀመጠው። እሷ ካለች የተስማማሽበት ዋጋ የለም ማለት ነው፤ ካላወጧት አትፈርሚ።

ሌላው፣ «መኪናዋ ስንት ናት?» ብለሽ አትጠይቂ። «ታርጋ ለጥፌ ከግቢ እስክወጣ በጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» በይ። መጓጓዣ፣ ማዘጋጃ፣ ምዝገባ፣ ከዚያ ደግሞ ምንጣፍ፣ ፖሊሽ፣ የመስታወት ላስቲክ፣ ማንቂያ ደወል የሚባሉ ነገሮች «ሁሉም የሚወስደው ፓኬጅ» ተብለው ይመጣሉ። ሕግ የሚያስገድደውንና እነሱ የሚያስገድዱትን ለያይተው በወረቀት ያስቀምጡልሽ። ትንሽ መኪና ላይ ይሄ ነገር ከትልቁ የበለጠ ያማል፤ ያው ምንጣፍ ያው ፖሊሽ ነው፣ ከዋጋዋ ጋር ሲተያይ ግን ድርሻው ትልቅ ነው።

ጋራዥ ነኝ

ጡረተኛው የተናገሩት ላይ ከኔ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። ድንገት ባዶዋን ሞዴል ቆማ ካገኘሻት ደስታሽን ያዝ አድርጊና ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እዪ። ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ስለሆነ መኪናው ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ታገኛለሽ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሻል። 1424 ካለ ጎማው የተሠራው በ2024 በ14ኛው ሳምንት ነው። አራቱም ጎማ ከተቀራረበ መኪናዋም ከዚያ ትንሽ ዘግይታ የወጣች ናት ብለሽ ገምቺ። ብዙ አምራቾች በሻንሲ ቁጥሩ አሥረኛ ቦታ ላይ የሞዴሉን ዓመት ያስቀምጣሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ለረጅም ጊዜ የቆመች ከሆነች ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ የፍሬን ዲስኩ ዝገት ይይዛል፣ ጎማውም መሬት በነካበት በኩል ሊደፈጠጥ ይችላል። ይሄ መኪናዋን እንድትተዪ አያደርግም። ዋጋ እንድታስቀንሺ ግን ያደርጋል፤ ባትሪውንም ቀይሩልኝ በያቸው።

ሶኬት

ማንም ኤሌክትሪክ ሳይል መጨረሳችሁ ገረመኝ! አሁን ትንሽ መኪና በብዛት የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ዳቺያ ስፕሪንግ 3.7 ሜትር ናት፣ ቢዋይዲ ሲገልም ከእሷ ብዙም አትረዝምም። ካምቢዮ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ። ጠያቂዋ ቤቷ መሰኪያ ካላት ማንዋል ፍለጋ ለምን ትንከራተታለች?

ባለ ካምቢዮው

ሶኬት፣ ሰውየዋ ማንዋል እፈልጋለሁ ብላለች። አንተ ደግሞ ካምቢዮ የሌለው መኪና ትሸጥላታለህ። ሾውሩም ተቀጠር፣ ይሳካልሃል።

ዜሮ ዜሮ ፈላጊ

😂 ሶኬት አመሰግናለሁ፣ የምኖረው ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው፤ መኪናዬን የማቆመው ባገኘሁት ቦታ ስለሆነ ገመዱን በመስኮት ካላወረድኩ አይሆንም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደመከሩኝ አደረግሁ። ጠቅላላውን ዋጋ በወረቀት ጻፉልኝ ስላቸው ሻጩ ፊቱ ተለዋወጠ፣ በኋላ ግን ጻፈልኝ። ፓኬጁንም «ካልፈለግሽ ይወጣል» አለ፤ ትናንት እኮ ግዴታ ነበር። ማዘዝ ይቻላል፣ ግን ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል ይላሉ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና አንዲት እኔ የምፈልጋት ዓይነት ማንዋል እንዳለች፣ በድርጅቱ ስም ታርጋ ወጥቶላት ለደንበኞች መሞከሪያ እንደነበረች፣ ብዙም እንዳልተነዳች ነገረኝ። ዋጋዋ ከአዲሷ ይቀንሳል። ይሄ ያገለገለ ነው ወይስ አዲስ? የወንድሜ ታሪክ እንዳይደገም ፈራሁ። ደግሞም እንዲህ ወረቀት ወረቀት ስል እንደ ጨቅጫቃ አያዩኝም?

ጡረተኛው ሻጭ

ልጄ፣ ይዩሽ። ወረቀት የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ እኛ እርስ በርስ «ይህቺ ትገዛለች» እንባባል ነበር፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ወረቀት አይጠይቅም።

የሙከራ መኪናዋን በተመለከተ፣ በወረቀት ያገለገለች ናት፤ ሊብሬዋ ላይ ከአንቺ በፊት አንድ ባለቤት ይኖራል። በአካል ግን ያለችው ለአዲስ ቅርብ ነው። ድርጅቶች በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሽያጭ ቁጥራቸውን ሞልተው ከፋብሪካ ጉርሻ ለማግኘት መኪና በራሳቸው ስም የሚያስመዘግቡበት ጊዜ አለ፤ ጉርሻው ስለሚገባቸው ቀንሰው መሸጥ ይችላሉ። ለአንቺ ዓይነቷ ገዢ ጥሩ በር ነው። የምትጠነቀቂበት ዋስትናውን ነው፤ መቆጠር የሚጀምረው አንቺ ከገዛሽበት ቀን ሳይሆን መጀመሪያ ከተመዘገበችበት ነው። ሦስት ዓመት ብለው አስተዋውቀውሽ ሁለት ዓመት ከምናምን ሊተርፍሽ ይችላል። የተመዘገበችበትን ቀን አይተሽ፣ የጎደለውን ወር ከዋጋው አስቀንሺ።

የሙከራ መኪና በመሆኗ ደግሞ ፍሪሲዮኗን ልብ በይ። ማንዋል ያልለመደ ሰው ሁሉ ነድቷት ይሆናል። ቁልቁለት ሳይሆን ዳገት ላይ ንጃት፣ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጫት ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ካልተሳበች ፍሪሲዮኗ ተበልቷል። ጋራዥ ነኝ የሚለው ልጅ ከኔ በላይ ያውቃል።

ጋራዥ ነኝ

ትክክል ነው ጋሼ። ዳገት ከሌለ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ ላይ በዝግታ እየሄድሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጪው፤ ያው ይታወቃል። የቁልፎቹን ብዛትም ጠይቂ፣ ሁለት መሆን አለባቸው፣ የሙከራ መኪና ላይ አንዱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ዜሮ ዜሮ ፈላጊ

ቁልፉን አልጠየቅሁም! ቅዳሜ ልነዳት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የተመዘገበችበትን ቀን በስልክ ጠይቄ ሰባት ወር ሆኗታል ብለውኛል። ቀለሟ ግን ብርቱካናማ ነው።

ጡረተኛው ሻጭ

ለዚያ ነው እስካሁን የቆየችልሽ። ለቀለሙም አስቀንሺ።