ክረምት ላይ ጥዶ መውጣትና የጓሮ አትክልት (ደብረ ማርቆስ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹ ክረምቱን ቤት ናቸው፣ እኔ ግን ሥራ እውላለሁ። ከአሜሪካ የተላከልን ስሎው ኩከር (ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት) አለ። ውስጡ የሸክላ ድስት፣ ባለ ማዞሪያ፣ አራት ሊትር ገደማ የሚይዝ ነው። ከሥሩ 120 ቮልት፣ 210 ዋት ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት ጥጄው ብወጣ ማታ 11 ሰዓት የደረሰ ወጥ አገኛለሁ ወይ? መብራት ቢጠፋስ? ሌላው የጓሮ ጉዳይ ነው። የሐበሻ ጎመኑ ተበሳስቷል፣ የድንቹም ቅጠል ከጫፉ እየጠቆረ ነው። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሽቦ ቀጣይ፦ እህቴ፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው! የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ 220 ሲገባበት ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 210 ዋት የነበረው ወደ 700 ይጠጋል። ወይ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቃጠላል፣ ወይ ሸክላው ይሰነጠቃል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዢ። ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ 300 ዋቱ ይግላል፣ 500 ዋት የሚለውን ውሰጂ። ለመንገደኛ የሚሸጡት ኪስ የሚገቡ ቀላል መቀየሪያዎች ለዚህ አይሆኑም። ትራንስፎርመሩን ከድስቱ እንፋሎት አርቀሽ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጪ። በ110 ሲሠራ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ መመሪያው ከሚለው ሰዓት በላይ ይወስዳል።

መብራትን በተመለከተ፣ ባለ ማዞሪያው መብራት ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል። ችግሩም እሱ ነው፤ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር አታውቂም። በመብራት የሚዞር የሶኬት ታይመር (የ220ው) ካለሽ ከትራንስፎርመሩ በፊት ሰክተሽ ከሰዓትሽ ጋር አስተካክዪው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ የዘገየውን ያህል ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ የሥጋ ወጥ ከሆነ ይደፋ፤ መልሶ ማፍላት ሁሉንም መርዝ አያጠፋም።

ባለ ድስቷ፦ ኤሌክትሪኩን ወንድማችን ጨርሶታል፣ ወደ ወጡ ልሂድ። ይህ ዕቃ ቁሌት አያበስልም። ጥሬ ሽንኩርትና በርበሬ አንድ ላይ ጨምረሽ ከሄድሽ ስትመለሺ የምታገኚው ጥሬ ጥሬ የሚል ቀይ ውሃ ነው።

ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከነአጥንቱ፦ ማታውኑ 750 ግራም ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ያለ ዘይት 15 ደቂቃ ያህል አቁላዪ። ከዚያ አንድ የቡና ሲኒ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረሽ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ 20 ደቂቃ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እዚሁ ይገባል። ሲበርድ ፍሪጅ አስገቢው። ጠዋት ቁሌቱን በደንብ አፍልተሽ ወደ ሸክላው ገልብጪ። ሥጋው የቀለጠ ይሁን፣ በረዶ የያዘ ሥጋ አይገባም፤ መሀሉ እስኪሞቅ ብዙ ሰዓት ይቆያል፣ ይበላሻልም። ውሃ አንድ ብርጭቆ ብቻ! ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚመልስ እንደ ምድጃ ወጥ አይመጥም። «ሎው» (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ 9 እስከ 10 ሰዓት ይበቃዋል። ልጆቹ ክዳኑን እንዳይከፍቱ ንገሪያቸው፤ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ቢያንስ 20 ደቂቃ ትከስሪያለሽ። ቅቤና መከለሻ መጨረሻ 15 ደቂቃ ላይ።

ለፍልሰታ (ነሐሴ 1 እስከ 15) የአተር ክክ አልጫ ይሻላል፤ ሁለት ብርጭቆ ክክ፣ አምስት ብርጭቆ ውሃ፣ እርድ፣ ዘይት፣ «ሃይ» (ከፍተኛው ሙቀት) ላይ 5 ሰዓት ያህል። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ይግቡ፣ አሲዱ ክኩን ያደርቀዋል። ዶሮ ወጥን ግን ለዚህ ዕቃ አትስጪው። ቆመሽ የምትጠብቂው ወጥ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቀይ ቦሎቄስ ዘፍዝፌ በቀጥታ ብጨምረው?

ባለ ድስቷ፦ አይሆንም፣ ይህን ጠንቅቀሽ ያዢ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ አለው፣ ጠንከር ያለ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። አንዳንዱ ስሎው ኩከር «ሎው» ላይ 80 ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ መርዙ አይጠፋም። ሌሊቱን ዘፍዝፊ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፊ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ እያንተከተክሽ 30 ደቂቃ ቀቅዪ፣ ከዚያ ወደ ሸክላው። በሌላ አገር 10 ደቂቃ ይበቃል የሚሉ አሉ። ማርቆስ ግን ከፍታው ከ2,400 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሰዓቱን አትቆጥቢ።

ከቢቸና፦ ትራንስፎርመሩ እስኪገኝ የጤፍ ጭድ አለልሽ። ትልቅ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውሰጂ፣ ከሥርም ከጎንም አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ጭድ ጠቅጥቂ። ክክ ወይም ምስር በብረት ድስት እስከ አፉ ቀረብ አድርገሽ፣ ክዳኑን ገጥመሽ 20 ደቂቃ አፍዪ። ሳትከፍቺ ጭዱ ውስጥ ቅበሪው፣ ከላይ ጭድ የተሞላ ጆንያና ጋቢ። በ4 ሰዓት ውስጥ አውጥተሽ እንደገና አፍዪና ብዪ። ድስቱ ጎዶሎ ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። ሥጋ በዚህ አላደርግም፣ ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም።

የዳንግላ ጓሮ፦ ጎመኑን ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘሽ እዪው። የሚያብለጨልጭ ልጋግ ካለ ቀንድ አውጣ ነው። ልጋግ ከሌለ፣ ቅጠሉ መሀል ላይ ጥቁር አረንጓዴ ኩስ ከተጠራቀመ ደግሞ ትል ነው፤ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠሽ በእጅሽ ልቀሚ። ለቀንድ አውጣው እርጥብ ጆንያ ወይም ጣውላ መደቡ አጠገብ አንጥፊ፣ ሲነጋ ከሥሩ ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ። አመድ ይበትናሉ፤ ሐምሌ ላይ ግን አንድ ዝናብ ያጥበዋል፣ ድካም ነው። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ብዙ አይለፍ፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ። ተጠጋግቶ የተተከለው ጎመን ቅጠሉ ስለማይደርቅ ነው ተባይ የሚወደው፤ በመሀሉ 40 ሳንቲ ሜትር ተዪ።

ድንቹን ጠዋት ጤዛ ሳይነሣ ቅጠሉን ገልብጪ። በጥቁሩ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ካለ ምች የሚባለው የድንች በሽታ ነው፤ በብርድና በእርጥበት በጥቂት ቀን መደቡን ይጨርሳል። ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት የሚረጨው ገና ሳይዝ ነው፣ ከያዘ አያድንም። ከሥር ያለው ድንች እንቁላል ካከለ ግንዱን ከመሬት እኩል ቁረጪ፣ ቅጠሉን ከጓሮ አውጪ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ ቆፍሪ። ወዲያው ከቆፈርሽ ሻጋታው ከቅጠሉ ወደ ድንቹ ይጋባል፣ ልጡም አይጠነክርም። ቲማቲም አጠገቡ አትትከዪ፣ በሽታቸው አንድ ነው። ለሚቀጥለው ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባሉትን የድንች ዝርያዎች ፈልጊ፣ ሁለቱም ምችን የተሻለ ይቋቋማሉ። በመስመር መሀል 75፣ በተክል መሀል 30 ሳንቲ ሜትር።

ከእንጅባራ፦ በዚያው ላይ አፈሩ ቀይ ከሆነ አሲዳማ ሊሆን ይችላል፣ እንደ እኛ አዊ ዞን። ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት እየቀጨጩ ካስቸገሩሽ ኖራ ከመትከል በፊት ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። የምድጃ አመድም ይረዳል፣ በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ። የድንቹን መደብ ግን ተዪው፣ አመድ የበዛበት ድንች ልጡ ይቆረፍዳል።

ጠያቂ፦ ምች የነካው ድንች ይበላል?

የዳንግላ ጓሮ፦ ጤነኛውን ብዪ። ልጡ ላይ ሰርጎድ ያለ ቡናማ ካየሽ ለይተሽ አውጪ፣ ጎተራ ውስጥ ሌላውን ያበላሻል። ለዘር አንዱንም አታስቀምጪ።