«ስፒንስተር» ልጻፍ ወይስ «ሲንግል»? ሰነድ ለምትተረጉሙ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጋብቻና ያላገባ ሰነዶችን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ሦስት ነገር ያስቸግረኛል። «ያላገባች»ን መዝገበ ቃላቱ «ስፒንስተር»፣ «ያላገባ»ን «ባችለር» ይላል፤ ሁለቱ እኩል ናቸው? ሚስቱ የሞተችበትስ ለምን «ዊዶወር» ተባለ? በሌላው ቃል ቅጥያው የሚጨመረው ለሴቷ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሴቷ «ዊዶው» ስትባል የተጨመረው ለወንዱ ነው። በመጨረሻም «ወይዘሮ» ሚስስ ነው ወይስ ሚዝ?

ሥርወ ቃል፦ እኩል አይደሉም፤ «ስፒንስተር»ን በፍጹም አትጻፉ። «ስፒን» መፍተል ነው፤ «ስተር» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ የሴት ሠራተኛ ቅጥያ ነበር። ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆነው የቀሩት ዌብስተርና ባክስተርም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ አንዷ ሸማኔ፣ አንዷ ጋጋሪ። ስፒንስተርም ፈታይ ማለት ብቻ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሕግ ሰነድ ላይ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ፤ ቆይቶ ልክ እንደኛ «ቆሞ ቀር» መሳደቢያ ሆኖ አረፈው። «ባችለር» ግን ምንም ሳይነካው ዛሬም የዲግሪ ስም ነው። «ማስተር»ና «ሚስትረስ»ም እንደዚሁ ተለያይተዋል፦ ወንዱ ጌታና ባለሙያ እንደሆነ ቀረ፣ እመቤቲቱ ውሽማ ሆነች። እኛም ጋር «ጋለሞታ» ባል የሌላት ሴት ከመባል ተነስቶ የት እንደደረሰ እናውቃለን።

በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ ከታኅሣሥ 2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሁለቱም ቃላት ቀርተው ለወንዱም ለሴቷም «ሲንግል» ይጻፋል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በተለምዶ ንግግር የፈታም «ሲንግል» ነኝ ይላል። ሰነዱ «አግብታ አታውቅም» የሚል ከሆነ «ኔቨር ማሪድ» ብላችሁ ለዩት። «ፈት» የሚለው ደግሞ «ዲቮርስድ» ነው፤ ለሁለቱም ጾታ አንድ ነው።

የቃል ጓዳ፦ ስለ «ዊዶወር» ልጨምር። ባል የሞተባት ሴት በእንግሊዝ ሕግ ራሷን የቻለች ወገን ነበረች፤ ከባሏ መሬት ሲሶውን እስክትሞት ድረስ የመጠቀም መብት ነበራት። ስለዚህ በሰነድ ላይ ስሟ ይበዛል። ሚስት የሞተችበት ወንድ ግን ኑሮው በሕግ ፊት ብዙም ስለማይለወጥ መጠሪያ አላስፈለገውም፤ ሲያስፈልገው ከእሷ ቃል ላይ «ኧር» ተቀጠለለት። አዘውትሮ የሚነሳው መነሻ ቃል ይሆናል፣ ሌላው ጭማሪ ይወስዳል ማለት ነው። «ብራይድግሩም»ም ከሙሽሪት ተነስቶ የተሠራ ነው፤ «የሙሽሪት ሰው» እንደማለት። አማርኛችን «ባሏ የሞተባት፣ ሚስቱ የሞተችበት» እያለ በእኩል ስለሚናገር ነው ነገሩ የሚያስገርመን።

የሰነድ ሰው፦ በማዕረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሚስስ»ም «ሚስ»ም ሁለቱም ከዚያው «ሚስትረስ» ያጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ማግባት አለማግባቷን ይናገራሉ። «ሚስተር» ግን ስለ ትዳሩ ምንም አይናገርም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1901 አንድ የማሳቹሴትስ ጋዜጣ «ሚዝ»ን ሐሳብ አቀረበ፤ ኒውዮርክ ታይምስ የተቀበለው በ1986 ነው። ሲነገር መጨረሻው «ዝ» እንጂ «ስ» አይደለም።

ለእኛ ስም ደግሞ ሌላ ችግር አለ። «ወ/ሮ አልማዝ ከበደ»ን «ሚስስ ከበደ» ካላችሁ፣ አንባቢው ከበደ የባሏ ስም ይመስለዋል፤ ከበደ ግን አባቷ ነው። መጀመሪያ «ሚዝ አልማዝ ከበደ» ብላችሁ በሙሉ ጻፉ፣ ቀጥሎ ሲመጣ «ሚዝ አልማዝ»። የአባት ስም ለብቻው ከማዕረግ ጋር አይቁም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ፊያንሴ»ስ? በቪዛ ወረቀት ላይ ደጋግሞ ይመጣል።

የሰነድ ሰው፦ ከፈረንሳይኛ የመጣ ስለሆነ አነባበቡ አንድ ነው፣ ፊደሉ ግን ይለያል፦ እጮኛው ወንድ ከሆነ መጨረሻው ላይ አንድ «ኢ»፣ ሴት ከሆነች ሁለት። ከስሟ ጋር ሳታስተያዩ አትለፉት፤ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ሁለቱንም ትክክል ነው ብሎ ያልፋቸዋል።