«ገበያው ፈረደ» የምትለዋ ቃል

ሐምሳ ያርድ፦ ትናንት ማታ ቲቪ ላይ አንድ ተንታኝ የፓክ 12ን ነገር አንስቶ «ገበያው ፈረደ» አለና ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ዕድሜውን ከ1915 የሚቆጥር የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የኮሌጅ ስፖርት ኮንፈረንስ፣ ማለት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ በ2023 ክረምት ተበተነ፤ መርዶው ሦስት ሰከንድ አልሞላም። ያውም ጣቢያው የተቀናቃኙን ኮንፈረንስ፣ የቢግ ቴንን፣ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ከገዙት አንዱ ነው። አንጀቴ አረረ።

ቁጥር አይዋሽም፦ ምኑ ነው ያሳረረህ? ልክ ነው የተናገረው። ቢግ ቴን በ2022 ከቲቪዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለ7 ዓመት ስርጭት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተዋዋለ። ፓክ 12 ግን አንድ ዓመት ሙሉ ዞሮ ዞሮ ይዞ የመጣው የአፕልን የኢንተርኔት ስርጭት ውል ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት 20 ምናምን ሚሊዮን፤ ጭማሪው ደንበኛ ከተገኘ። ከዚያ በፊት የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን 30 ሚሊዮን ገደማ አቅርቦ እነሱ 50 ጠየቁ ተብሎም ተዘግቧል። ሻጭ ተኮፈሰ፣ ገዢ ሄደ። ገበያ ይኼው ነው።

የፑልማን ልጅ፦ ሻጭ አልክ፣ ገዢ አልክ። ደላላውን የት ጣልከው?

ቁጥር አይዋሽም፦ የምን ደላላ?

የፑልማን ልጅ፦ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተህ አታውቅም እንዴ? ደላላው ላንተ «ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም» ይልሃል። ለአከራዩ «እጥፍ የሚከፍል አለኝ» ይላል። ከሁለታችሁም ይቀበላል። አሁን ተመልከት። የቢግ ቴን ኔትወርክ፣ የኮንፈረንሱ የራሱ ቲቪ፣ አብላጫ ድርሻው የፎክስ ነው። የፓክ 12 አባል የነበሩት የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ጁን 30፣ 2022 «ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን» አሉ። ያ ትልቁ ውል ሰባት ሳምንት ቆይቶ ታወጀ፣ ሎስ አንጀለስን ጨምሮ። ፓክ 12 ደግሞ ሎስ አንጀለስ የሌለበትን ዕቃ ይዞ ገበያ ወጣ። ላሚቱን ነድተህ ስታበቃ «ወተታችሁ አነሰ» ማለት ፍርድ ነው?

ቁጥር አይዋሽም፦ ሴራ ነው በለኛ። ማስረጃ አምጣ።

ሐምሳ ያርድ፦ እኔ ላምጣልህ። በ2011 የምሥራቁ ኮንፈረንስ ኤሲሲ ፒትስበርግንና ሲራኪዩስን ሲወስድ የአባሉ የቦስተን ኮሌጅ የስፖርት ዳይሬክተር ምን አለ? ምን እንደምናደርግ የነገረን ኢኤስፒኤን ነው አለ። በአፉ።

ቁጥር አይዋሽም፦ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል።

ሐምሳ ያርድ፦ በ2021ም ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ደቡቡ ኮንፈረንስ ወደ ኤስኢሲ ሲያመሩ የኮንፈረንሳቸው የቢግ 12 ኮሚሽነር ቦብ ቦውልስቢ ለኢኤስፒኤን «እጃችሁን አንሱ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። አባሎቻችንን እያስኮበለላችሁ ነው ብሎ።

ቁጥር አይዋሽም፦ ኢኤስፒኤንም አስተባበለ። እሱን ለምን ትዘላለህ?

የፑልማን ልጅ፦ ደላላ አምኖ ያውቃል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናንተ የሲያትል ሰዎች ዛሬ ነው የነቃችሁት? እኛ አልቅሰን የጨረስነው በ2014 ነው። ትምህርት ቤታችን ሜሪላንድ እኮ በ1953 ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ከዚያ ወጥቶ ቢግ ቴን ለመግባት ለመውጫ ብቻ 31 ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰ። ቢግ ቴን ለኳሳችን ብሎ መሰላችሁ የጠራን? የፈለገው የዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያን የኬብል ቤት ነው። እናቴ ፉትቦልን ከራግቢ አትለይም። እሷ የምታየው የአገር ቤት ድራማ ነው። ግን የኬብል ቢሏ ውስጥ የቢግ ቴን ኔትወርክም ነበረበት። አሁን እሷ ናት ገበያው? እሷ ናት የፈረደችው?

ቁጥር አይዋሽም፦ እናትሽ ኬብሉን መቁረጥ ይችሉ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናቴን ተዋት።

የሲታኩ ሹፌር፦ ልጆች፣ እኔ ኳሱን ብዙም አልከታተል። ባለፈው አንዲት የመረብ ኳስ ተጫዋች ልጅ ሌሊት 7 ሰዓት ከኤርፖርት ጫንኩ። ለቢግ ቴን ጨዋታ የአገሩ ሌላ ጫፍ ኒው ጀርሲ ሄደው መመለሳቸው ነው። ጠዋት ፈተና አለብኝ አለችኝ። ደብተሯን ዘርግታ አንድ ገጽ ሳትገልጥ ተኛች። ለፉትቦሉ ነው ከተባለ እሷን ለምን ያንከራትቷታል?

ሐምሳ ያርድ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ነገሩን ጨርሰውታል።

የፑልማን ልጅ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። አንተ ግን ሐምሳ ያርድ፣ ለማን ነው የምታለቅሰው? ኦገስት 4፣ 2023 ከኦሪገን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ቢግ ቴን የወጣው የኔ ትምህርት ቤት ዋሽንግተን ስቴት ነው ወይስ ያንተ ዋሽንግተን? ያውም በግማሽ ድርሻ! እኛና ኦሪገን ስቴት ሜዳ ላይ ቀረን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋው እኛ ነን፤ አይጡ ደግሞ እዚህ መጥቶ ሙሾ ያወርዳል።

ሐምሳ ያርድ፦ እኔ ፈረምኩ እንዴ? ያ ኮንፈረንስ እየሰጠመ ነበር። ኮሎራዶ ቀድሞ ሄዷል። ዩጂኖች፣ ኦሪገኖቹ፣ ሊወጡ ነው፤ እኛ ምን እንጠብቅ?

ቁጥር አይዋሽም፦ ሃሃ፣ መጣችሁልኝ። «ምን እንጠብቅ» ማለትና «ገበያው ፈረደ» ማለት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሐምሳ ያርድ፦ ልዩነቱማ አለ። እኔ ሳዝን ነው የምለው።

የፑልማን ልጅ፦ በሬ ካራጁ ይውላል። እያዘነም ይውላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዩጂንን ግን አትንኩብኝ። እኛ ዩጂንን ያወቅነው በ2022 በነጎተይቶም ወርቅ ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ አሁን አትሌቲክስ ምን አመጣው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንተ እናቴን ስታመጣ ማን ጠየቀህ?

የፑልማን ልጅ፦ ለማንኛውም ቢግ ቴን ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው አፕል ካፕ፣ የሁለታችን ደርቢ፣ ሴፕቴምበር 2024፣ እዚያው ሲያትል፣ 24 ለ 19። ማን አሸነፈ?

ሐምሳ ያርድ፦ የ2025ቱንስ? 59 ለ 24። ፑልማን ድረስ መጥተን። ወይስ እሱ አይቆጠርም?

የፑልማን ልጅ፦ በፎክስ ገንዘብ ተጫዋች ገዝቶ ማሸነፍ ድሮም አለ።

ሐምሳ ያርድ፦ ያንተ ኮንፈረንስስ፣ የተረፈው ፓክ 12፣ ምን አደረገ? ቦይዚ ስቴትንና ፍሬስኖ ስቴትን ከሌላ ኮንፈረንስ፣ ከማውንቴን ዌስት፣ ነቅሎ ወሰደ። እነሱም ጥለው የወጡት ጎረቤት አላቸው። የት ነበርክ ያኔ?

የፑልማን ልጅ፦ ያ ሌላ ነው።

ሐምሳ ያርድ፦ ምኑ ነው ሌላ?

የፑልማን ልጅ፦ እኛ ቤታችን ተቃጥሎ ነው። አንተ ቤቱን ለኩሰህ ነው።

ቁጥር አይዋሽም፦ ሁለታችሁም ተከራይ ናችሁ፤ ቤቱ የናንተ አልነበረም። ደግሞ ይቺን «ደላላ» የምትሏትን ነገር አንሷት። አጎቴ ቦሌ ላይ 20 ዓመት በደላላነት ነው ልጆቹን ያሳደገው።

የፑልማን ልጅ፦ አጎትህን ማን ነካ? አጎትህ አከራይቶ ሲያበቃ ማታ ዜና አያነብም።