የመከላከያ መልስ ማስገቢያው ቀን ቢያልፍስ?

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሽማግሌ በብድር ገንዘብ ወረዳ ፍርድ ቤት ተከሰው መጥሪያው ከነክሱ ደርሷቸዋል። መልስ እንዲያስገቡ የታዘዘው ለጥቅምት 12 ነበር፣ አላስገቡም። ክሱ የሚሰማው ጥቅምት 26 ነው። «ካለፈ ወዲያ መሄዱ ምን ይጠቅማል» የሚሏቸው አሉ። ብድሩ መከፈል ከነበረበት 11 ዓመት አልፎታል። ምን ይሻላቸዋል?

መልስ (ከደብረ ብርሃን)
ወንድሜ፣ በ26 እንዳይቀሩ፤ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። መልስ አለማስገባትና ችሎት አለመቅረብ ለየቅል ናቸው። ከሳሽ ቀርቦ፣ መጥሪያው በደንብ መድረሱ ተረጋግጦ እርሳቸው ከቀሩ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 70 መሠረት ጉዳዩ በሌሉበት ይሰማል። ያኔ የከሳሽን ምስክር የሚጠይቅ፣ ሰነዱን የሚቃወም የለም።

26ን ሳይጠብቁ መዝገብ ቤት ይሂዱ። መልሱን፣ የማስረጃ ዝርዝሩንና የዘገዩበትን ምክንያት የሚገልጽ አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፈው ያስገቡ። መቀበል አለመቀበሉ የችሎቱ ነው። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ የሕክምና ወረቀቱ ጥቅምት 12ን መሸፈን አለበት፤ የ20 ወረቀት ለ12 አይሆንም። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ነገር ይርጋው (የመክሰሻው ጊዜ ማለፍ) ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 የውል ጥያቄ በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ግን ቁጥር 1856 ፍርድ ቤቱ በራሱ እንዳያነሳው ይከለክላል። ዳኛው ቀኑን ከውሉ ላይ ቢያዩት እንኳ ተከሳሹ ካላነሳው አይጠቅመውም። ስለዚህ መቃወሚያው መልሱ ላይ በመጀመሪያ ይጻፍ። በመሐል ጥቂት ከፍለው ወይም ዕዳውን በጽሑፍ አምነው ከሆነ ግን ይርጋው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ ይህን በቅድሚያ ይጠይቋቸው።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
በሌሉበት ተፈርዶ ቢሆንስ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 አለ። ፍርዱን ካወቁበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ፣ መጥሪያ በደንብ አልደረሰኝም ወይም በበቂ ምክንያት ቀረሁ ብሎ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል። መጀመሪያ መዝገቡን አስወጥተው መጥሪያው ላይ ማን እንደፈረመ፣ ምን ቀን እንደተጻፈ ይዩ። አብሮ የሚኖር የቤተሰብ አባል ፈርሞ ከሆነ «አልደረሰኝም» ማለቱ ብዙ አያስኬድም። አቤቱታው ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም ስለማያቆመው፣ አፈጻጸሙ እንዲታገድም አብሮ መጠየቅ ግድ ነው።

መልስ (ከአረርቲ)
ከሳሽም ቢሆን አይተኛ። ተከሳሽ ቀርቦ ከሳሽ ከቀረ ክሱ ይሰረዛል፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መክፈት አይችልም፣ በአንድ ወር ውስጥ ምክንያቱን አቅርቦ ካላስነሳው በቀር። ሁለቱም ቢቀሩ ግን መዝገቡ ይዘጋል እንጂ መብቱ አይሞትም፤ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ እንደገና መክሰስ ይቻላል።

ይግባኝ 60 ቀን ነው። ሁለት ወር ብለው አይቁጠሩ፤ ጳጉሜን ትቆጠራለች። ሐምሌ 20 የተሰጠ ፍርድ መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ያልቃል፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ በ14። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» የሚል ምክንያትም ከጊዜው ውጭ ይግባኝ አያስፈቅድም ይላል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326።