የብሩክሊንን ድልድይ ያስጨረሰችው ሴት ናት የሚባለው እውነት ነው?

የአቃቂ ልጅ
ሰላም ናችሁ። ሰፈራችን ወንዙ ላይ ትንሽ ድልድይ እየተሠራ ስለሆነ ሰሞኑን ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ፌሮና ሲሚንቶ ሆኗል። ትናንት አንዱ ጎረቤታችን፣ ኒውዮርክ ያለውን የብሩክሊን ድልድይ ያስጨረሰችው ሴት ናት አለ። ሌላው ደግሞ በዚያ ዘመን ሴት ማን ያስጠጋታል ብሎ ድርቅ። እውነቱን የምታውቁ ንገሩን። ሌላም የድሮ የአሜሪካ ድልድይ ታሪክ ካላችሁ ጣል አድርጉ፤ ግን በናታችሁ ርዝመትና ስፋት አትደርድሩብኝ፣ ሰው ያለበትን ነው የምፈልገው።

ሲቪሉ ከሰበታ
ጎረቤትህ ብዙም አልተሳሳተም። ንድፉ የጆን ሮብሊንግ ነው፣ ከጀርመን የሄደ መሐንዲስ። እ.ኤ.አ. በ1869 ቦታውን ሲያጠና ጀልባ እግሩን ጨፈለቀችውና በመንጋጋ ቆልፍ ሞተ። ሥራውን ልጁ ዋሽንግተን ተረከበ። እሱም አልቀናውም። ምሰሶዎቹን ለመትከል ካይሶን የሚባል ግዙፍ የእንጨት ሳጥን ወንዙ ውስጥ ደፍተው ያሰምጡና፣ ውሃ እንዳይገባ አየር እያመቁበት ሠራተኛው እታች ገብቶ ይቆፍራል። ከዚያ ግፊት ቶሎ የወጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የጋዝ አረፋ ይፈጠርበታል፤ ያኔ ምክንያቱ በደንብ ስለማይታወቅ ስንቱ ሽባ ሆነ፣ የሞተም አለ። ዋሽንግተንም በዚሁ ታሞ ቤት ዋለ።
ሚስቱ ኤሚሊ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። ሂሳቡን፣ የብረቱን ጠባይ፣ የኬብሉን አሠራር ተማረች። ትእዛዙን ሳይት ታደርሳለች፣ ኮንትራክተር ታናግራለች፣ ባሏን ከኃላፊነት እናንሳው የሚሉትን ትሟገታለች፤ ይሄን ለዓመታት። በ1883 ሊመረቅ ሲል መጀመሪያ በሠረገላ የተሻገረችውም እሷ ናት፣ ለድል ምልክት አውራ ዶሮ ይዛ! (እኛ ጋ ቢሆን ለበዓል የገዛችው ነው የሚመስለው።)

ገላን ሳይት
ባልየውን ግን አትርሱት። ከቤቱ መስኮት በመነጽር ሥራውን እያየ መመሪያውን የሚያወጣው እሱ ነበር። ለኔ ደግሞ የዚያ ድልድይ ትልቁ ታሪክ የሽቦው ነው። አቅራቢው ሎይድ ሄይ የሚባል ሰው፣ ጥሩውን ሽቦ ለተቆጣጣሪ ያሳይና መንገድ ላይ ፈተና በወደቀ ሽቦ ይቀይረዋል። ሲነቃበት መጥፎው ሽቦ ኬብሉ ውስጥ ገብቶ አልቋል፣ አይወጣም። ያዳናቸው ኬብሉ ከመጀመሪያው ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ እንዲጠነክር መታሰቡ ነው። ዋሽንግተን ሲያሰላው አሁንም ወደ አምስት እጥፍ ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ በእያንዳንዱ ኬብል ላይ 150 ያህል ሽቦ አስጨመረ። መጥፎው ሽቦ እስከ ዛሬ እዚያው አለ፣ መኪናም ያልፍበታል። ሳይት ላይ የሠራ ሰው ይሄን ጨዋታ አያጣውም፤ ለናሙና የሚመጣው ፌሮና ማታ የሚራገፈው ፌሮ ሁሌ አንድ አይደለም።

ቱሉ ዲምቱ
ሰው ያለበት ካልክ የሴልማው አይታለፍም፣ አላባማ። ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በእርስ በርሱ ጦርነት ባርነትን ከሚደግፈው ወገን ከተሰለፈ ጄኔራል ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 7፣ 1965 ወደ 600 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ የመምረጥ መብት ይከበርልን ብለው ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ ሲሄዱ ድልድዩን እንደተሻገሩ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተቀበላቸው። ወጣቱ ጆን ሉዊስ ራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ በኋላ የኮንግረስ አባል ሆነ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየው፣ ነሐሴ ላይ የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ። የጄኔራሉ ስም ግን አሁንም እላዩ ላይ ነው። እኔ ብሆን ይቀየር ነበር የምለው፤ የለም፣ ስሙ ያለበት ድልድይ ላይ መሸነፉ ይሻላል የሚሉም አሉ።

የአቃቂ ልጅ
ኧረ እናመሰግናለን! ገላን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሕዝቡ የብሩክሊኑን ድልድይ ወዲያው አምኖ ተሻገረበት?

ገላን ሳይት
የት ያምናል። በተመረቀ በሳምንቱ እንኳን ሳይሞላ፣ ደረጃው ጋ በተፈጠረ ግፊያ ሕዝቡ ሲረጋገጥ 12 ሰው ሞተ። በ1884 የሰርከሱ ባለቤት ባርነም 21 ዝሆን አሰልፎ አሻገረበት። ድልድዩ መጽናቱ ታየ፣ ሰውዬውም ሰርከሱን በነጻ አስተዋወቀ።